መርዶ ነጋሪው ተገጣጣሚ ሲመርጥ

ጋሽ ተካልኝ ባለፈው ጥር ሲያርፉ ሰፈራችን ያላሰበው ችግር ገጠመው። ድንኳን መትከሉን፣ ወንበር ማውጣቱን፣ መቃብር ማስቆፈሩን እድራችን ያውቅበታል። ያልታወቀው ጅማ ላለችው ልጃቸው ለትዕግስት መርዶውን ማን ይንገራት የሚለው ነበር። ሽማግሌዎቹ «አንተ ትሻላለህ»፣ «የለም፣ አንተ ትሻላለህ» እየተባባሉ ረፈደ። ሰፈራችን አማን ውስጥ ይህን ሥራ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩት ሟቹ ራሳቸው ስለነበሩ ሌላ ሰው አልለመደውም። በመጨረሻ የባሏ ወንድም በስልክ ነገራት ተባለ። በስልክ! ጋሽ ተካልኝ ይህን ቢሰሙ ከሳጥኑ ይነሱ ነበር።

እኔ ዘመዳቸው አይደለሁም። ሚዛን ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት አብረን ሠርተናል፤ እሳቸው የንብረት ክፍል ኃላፊ፣ እኔ ሰው ኃይል። አማን ውስጥ ጎረቤታሞች ስለሆንን ጠዋት ጠዋት በአንድ ባጃጅ ነበር ወደ ሥራ የምንሄደው። ረዘም፣ ደረቅ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ሲያዳምጡ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ነው፤ ሰው መሃል ላይ ማቋረጥ አያውቁም። እኔ ደግሞ አፌ ቀዳሚ ስለሆነ ከሳቸው ጋር ስሆን አንዳንዴ በራሴ አፍር ነበር።

መርዶ ላይ ሕግ ነበራቸው። ማታ አይነገርም፤ ሰውየው ሌሊቱን ብቻውን ይታገለዋል። በስልክ አይነገርም። የቅርብ ሰው አጠገቡ ሳይኖር አይነገርም። ተናጋሪውም ቤት ገብቶ መቀመጥ የለበትም። «ከተቀመጥሽ ቡና ላፍላ ብላ ትነሳለች። ከዚያ በኋላ እንዴት ብለሽ ትነግሪያታለሽ?» ይሉኝ ነበር። የማያውቃቸው ሰው ይህን ሲሰማ ምን ዓይነት ክፉ ሙያ ነው ሊል ይችላል። እኔ ግን የሰው ሐዘን እንዲህ ሲከበር ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ዛሬ ሁሉ ነገር ፌስቡክ ላይ በሚለጠፍበት ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይናፍቀኛል።

ታዲያ ይሄ ሙያ ለራሳቸው መከራ ነበር። አንድ ማለዳ ዳቦ ሊገዙ ጋቢያቸውን ለብሰው ሲወጡ፣ ልጇ ዐረብ አገር ያለች አንዲት ጎረቤታችን በመስኮት አየቻቸውና «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጮኸች። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው «ዳቦ ነው የኔ እመቤት! ዳቦ ልገዛ ነው!» እያሉ ሲምሉ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ያን ቀን በሳቅ ሞተናል። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲያ ፀሐይ ሳይወጣ ከደጃቸው አይወጡም ነበር።

ሌላው ነገራቸው ተገጣጣሚ ነው። ልጅ ሆኜ ያየሁት የፕላስቲክ መጫወቻ ዓይነት አይደለም። የብረት ቁርጥራጭ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ብሎን፣ ዳዶ፣ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ ጎማዎች በሳጥን ይመጡና ሥዕል እያዩ ማሽን ይሠሩባቸዋል። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ነው የጀመሩት። ልጃቸው ዮሴፍ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር፤ ጭነት ሲጠብቅ ከሚዞርባቸው ሱቆች ከአንዱ ሳጥን ገዝቶ አመጣላቸው። ቢሮ ይዘውት ሲመጡ አለቃችን «ለልጅ ልጅ ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። «ለራሴ ነው። እዚህ ላይ ከአሥራ አራት ዓመት በላይ ይላል፤ እኔ እንግዲህ ፈተናውን አልፌያለሁ» አሉት።

ቤታቸው ሄጄ ሲሠሩ አይቻለሁ። ብሎኖቹን ሰፌድ ላይ ነው የሚዘረግፏቸው፤ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ይንከባለሉባቸዋል። በሰዓት ሠሪ ካቻቪቴ አንዷን ያጠብቁና መልሰው ትንሽ ያላሏታል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «በጣም የጠበቀ ነገር አይንቀሳቀስም፤ እስኪ አንቺ ነጠላሽን አንገትሽ ላይ አጥብቀሽ እሰሪው» አሉኝ። የመመሪያ ገጽ መዝለል የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ አንዴ ቸኩዬ ቀጣዩን ገጽ ብገልጠው እጄን መታ አድርገው መለሱት።

አመራረጣቸው ነው ግን ጉድ! ዮሴፍ ከሱቁ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ለጥጠው ጥርሶቹ ብረት ይሁኑ ፕላስቲክ ያጣራሉ። ትርፍ ብሎን አለው ወይ ብለው ያስጠይቃሉ፤ ሚዛን ከተማ ውስጥ አንዷ ብትጠፋ ከየት ትገዛለች? ሙጫ የሚፈልገውን አይነኩም፤ ተፈቶ እንደገና መገጠም አለበት። ከሁሉም በፊት ግን «ምን ትሠራለች?» ይላሉ። አንድ ጊዜ በመልኳ ተታለው መርከብ መረጡ፤ ሸራው፣ ገመዱ፣ መልህቁ ሁሉ አለ። ሠርተው ጨርሰው ቢጠብቁ ቢጠብቁ ምንም አትንቀሳቀስም። «ቤት ውስጥ ሬሳ ገንዤ ያስቀመጥኩ መሰለኝ» ብለው በሳምንቱ ፈቷት።

ዮሴፍ በዚህ መዘግየት ይበሽቅ ነበር። «አባዬ፣ ሚስት ነው እንዴ የምትመርጠው?» ብሎ ድምፅ ልኮባቸው ለኔም አሰምተውኛል። አንዳንዴ ከምሩ ያኮርፋል፤ ቀን ሁለት ቀን አይደውልም። ከዚያ ሳጥኑን ይዞ ከች ይላል፤ አባትና ልጅ ሰፌዱ ላይ አንገታቸውን ደፍተው ይውላሉ። ለሳቸው ደስታ ማለት ያ ነበር፤ ሳጥኑ ሰበብ ነው።

ያ ሐምሌ መጣ።

ዝናቡ አላባራ ብሎ የቢሮው ግድግዳ ሁሉ ሻጋታ ሸቷል። ጠዋት ቢሮ ስገባ የእድራችን ሊቀመንበር አቶ ወልዴ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ኮፍያው ከጉልበቱ ላይ ነው። በሩን እንድዘጋ በእጁ አሳየኝ። ዮሴፍ ከጅቡቲ ሲመለስ ተሳቢው ተገልብጦበት ሞቷል። ረዳቱ ክንዱን ተሰብሮ ተርፏል። ሬሳው ወደዚህ እየመጣ ነው፤ ለትዕግስት ጅማ ላይ ተነግሯት አብራ ትመጣለች። ከቦንጋ ወዲህ ግን ናዳ መንገዱን ዘግቶት መኪናው መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅም።

እኔ አፌ ቀደመኝ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሂድና ንገራቸው!» አልኩት።

«ልጅቷ ሳትደርስ? እሱ ራሱ ምን ይለናል?» አለኝ።

ጋሽ ተካልኝን ያለ ሕጋቸው መርዶ መንገር ማን ይደፍራል? ቢሮው ውስጥ ላለው ሁሉ ተነገረና ስልክ ላይ ማንም ምንም እንዳይለጥፍ ተማማልን። እኔ ደግሞ ከጎናቸው እንዳልለይ ታዘዝኩ። የማይረባ ፋይል አንስቼ ወደ ንብረት ክፍል ወረድኩ።

ስገባ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን እያዩ ነበር። «እንኳን መጣሽ አስቴር» አሉኝ። «ዮሴፍ አኩርፎኛል።»

«ማን አለ?» አልኳቸው።

«ሦስት ሳጥን ልኮልኝ ምረጥ ብሎኛል። እኔ እንደ ልማዴ ዘገየሁበት። ይኸው ዝም ብሏል፤ ስደውልም ዘግቶታል። እውነቱን ነው፤ ሰው እንዴት ይህን ያህል ያስጠብቃል? ዛሬ መርጬ ልላክለትና ይታረቀኝ።»

ወንበር ሳቡልኝ። ተቀመጥኩ፤ ምን ላድርግ?

ፎቶዎቹን ገና እያሳዩኝ ሳለ አቶ ወልዴ ገባ። የእድሩ ድንኳንና ወንበር ያለበት ቤት ቁልፍ ከጋሽ ተካልኝ ኪስ አይለይም፤ እሱን ፈልጎ ነው። ቁልፉን ሲጠይቅ ዓይኑ የሚያየው መሬቱን ነበር።

«የማን ቤት ነው?» አሉት፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«የኛ ሰፈር አይደለም። ለቴፒ ሰዎች ልናውሳቸው ነው። አንድ አባት … ልጁ ሞቶበት።»

ጋሽ ተካልኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፉት። «ተነግሮታል?»

«ገና ነው።»

«ሌላ ልጅ አለው?»

«አንዲት ሴት አለችው። ከሩቅ ነው የምትመጣው።»

«እንግዲያው እሷ ሳትደርስ አፋችሁን እንዳትከፍቱ፤ አደራ! መጀመሪያ የቀረችለትን ይያት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ብትሉትም ይበቃዋል።» ቁልፉን ከቀለበቱ ፈልቅቀው ሰጡት። «ቴፒ እኔም ልምጣ እንጂ። እናንተ እንደሆናችሁ ስትንተባተቡ ሰውየውን ታሰቃዩታላችሁ።»

«አይ፣ አንተ አትድከም። እነሱ … የራሳቸው ሰው አላቸው።»

«ያለ እኔ?» አሉ። ቅር እንዳላቸው ያስታውቅ ነበር። አቶ ወልዴ ቁልፉን ይዞ ወጣ፤ በኮሪደሩ ሲሄድ ግድግዳውን ተደግፎ ሲቆም በበሩ ክፍተት አየሁት። ጋሽ ተካልኝ አላዩትም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው መስኮቱን እየዘጉ ነበር። «ምስኪን አባት» አሉ። «ይሄኔ ምሳው ምን ይሁን እያለ ያስብ ይሆናል።»

ከዚያ ወደ ምርጫቸው ተመለሱ።

አንዱ ሳጥን የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ፔንዱለሙ ጭምር ይገጠማል። ሁለተኛው ክሬን ነው፤ እጀታው ሲዞር መንጠቆው ዕቃ ያነሳል። ሦስተኛው ከባድ መኪና ነበር፤ ቀይ፣ ከነተሳቢው።

«ሰዓቱ ይሻላል» አልኩ ቶሎ ብዬ።

«ለምን?»

«ይሠራላ! እርስዎ ራስዎ ምን ትሠራለች አይደል የሚሉት? ሰዓት ይቆጥራል።»

«ብቻውን በሚኖር ሰው ቤት ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር? ኧረ ተይኝ።» ፎቶውን አሳለፉት። «ክሬኑ ጥሩ ነው። ግን ያነሳል፣ ያወርዳል፣ በቃ። ይቺን ተመልከቻት እስኪ።» መኪናዋን በጣታቸው ለጠጧት። «ማርሿ ይገባል። መሪዋ ጎማውን ያዞራል። ፍሬኗ ሳይቀር ይይዛል አለኝ ዮሴፍ።»

«ትልቅ ናት፤ ጠረጴዛዎ አይችላትም» አልኩ።

«መሬት ላይ እሠራታለሁ።»

«ውድ ትሆናለች።»

«አንቺ ምን ሆነሻል ዛሬ? ምን አድርጋሽ ነው እንዲህ የጠላሻት?» ብለው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ያ አንገታቸው ዘንበል አለ፤ መልሴን እስከ መጨረሻው ሊሰሙኝ ነው። «እንዲያው ነው፤ ራሴን ስላመመኝ ነው» አልኩ።

«እኔ የምነግርሽ» አሉ፣ ወንበራቸውን ወደኔ አስጠግተው። «እስከ ዛሬ የገጠምናቸውን ሁሉ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ይህን አቀብል፣ ያንን ያዝ እላለሁ፤ እሱ ይታዘዛል። መኪና ግን የሱ ነው። ሞተሩን በድምፁ ነው የሚያውቀው። ለአንድ ጊዜ እሱ አለቃ ሆኖ እኔ ረዳት ብሆን ምን አለበት? ይሄው ነው ምክንያቴ። እሷው ትሁን።»

መልእክቱን በአንድ ጣት እየፈለጉ ጻፉት፣ ጮክ ብለውም አነበቡልኝ። «ልጄ፣ መኪናዋ ትሁን። ስላስጠበቅሁህ ይቅር በለኝ። እስክትመጣ ሳጥኑን አልከፍተውም።» ሲልኩት ከጎኑ አንድ ራይት ብቻ ወጣ። «ሲያየው ሁለት ይሆናል» ብለው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሚስማር ሲመዝኑም፣ ደረሰኝ ሲፈርሙም ዓይናቸው እዚያው ነበር። እኔም አየው ነበር። የሞተ ሰው ስልክ ነው ብዬ ራሴን ባጽናናም ልቤ አላረፈም።

መውጫ ሰዓት ሲቃረብ ሻይ ክበብ ውስጥ ተቀምጠን ነበር። የቢሮው ሰው ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል፤ ዝናቡ ነው አላስወጣ ያለን። ድንገት ጋሽ ተካልኝ ብድግ አሉ።

«አየው! አየልኝ!» ስልኩን ከፍ አድርገው አሳዩን። እውነት ነው፤ ሁለት ራይት ሆኗል። «ታረቀኝ በሉኛ! ለሁሉም ሻይ! የዛሬው በኔ ነው!»

ማን ያያል? ዮሴፍ በድንኳን ጨርቅ ተጠቅልሎ መኪና ላይ ተኝቷል። በኋላ እንደሰማሁት ረዳቱ ቦንጋ ላይ የዮሴፍን ስልክ ቻርጅ አድርጎ ከፍቶት ነበር፤ የዘመድ ቁጥር ሊፈልግበት ብሎ። መልእክቱ ሲገባ እጁ ነካው፣ አነበበውና ስልኩን መልሶ ኪሱ ከተተው። እኛ ይህን ያኔ አላወቅንም። ሻዩ መጣ። ሁላችንም ጠጣን። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላያቸውም። ከጎኔ የነበረችው የሂሳብ ክፍሏ ልጅ ብርጭቆውን ከአፏ ሳታወርድ እንባዋ ወረደ፤ «ትኩስ ነው» አለች። እሳቸው እየዞሩ «ስኳር በቃሽ? ጨምሩላት እንጂ» ይሉ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ሻይ የመረረኝ ነገር የለም።

መንገዱ ማምሻውን ተከፈተ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሬሳው ያለበት መኪና ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ቆመ፤ እኛ በእግራችን ወደ ቤታቸው ሄድን። አቶ ወልዴ ከፊት ነበር። ዝናቡ አባርቷል፤ የቡናው ቅጠል ግን ገና ይንጠባጠባል። በሩ ጋ ስንደርስ ሁላችንም ቆምን። ማን ያንኳኳ? እንዴት ነው የሚንኳኳው? ለስለስ ተደርጎ ነው፣ ጠንከር ተደርጎ? ይህን የሚያውቀው ሰው ከበሩ ወዲያ ነው ያለው። አቶ ወልዴ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ኮቴያችንን ሰምተው ነው። ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ ከኋላቸው የሳሎኑ ወለል ተጠርጎ፣ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ለመኪናዋ ቦታ አስለቅቀው ነበር።

አንድ በአንድ አዩን። አልቸኮሉም። አቶ ወልዴን፣ የእድሩን ሽማግሌዎች፣ ጋቢዎቻችንን አዩ። «ግቡ» አላሉም። ያኔ ትዕግስት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከመሃላችን ወጣች። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ አፍታ ደስታ አለፈ፤ ልጅ ናትና። ከዚያ ደስታው ጠፋ። እሳቸው መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ከማናችንም ይበልጥ ያውቃሉ፤ ማን መጥቶ ማን እንደቀረ ማየት ብቻ በቃቸው።

«ዮሴፍ ነው» አሉ።

ትዕግስት «አባዬ!» ብላ ተጠመጠመችባቸው። ሴቶቹ ጩኸቱን ለቀቁት፤ ሰፈሩ ተናጋ። እሳቸው አልጮኹም። በአንድ እጃቸው የልጃቸውን ጀርባ እየደባበሱ በሌላው ኪሳቸውን ዳበሱና ስልካቸውን አወጡ። መነጽር አላደረጉም፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ከዚያ ከሕዝቡ መሃል እኔን ፈልገው አገኙኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ከምራቸው እየጠየቁኝ ነበር።

«አስቴር፣ ትናንት ያየው ታዲያ ማነው?»

ረዳቱ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። ሰውን እየገፋ ወደፊት መጣና ጎንበስ ብሎ፣ የተሰበረውንም እጁን ከጨርቁ አውጥቶ፣ የዮሴፍን ስልክ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው።